አንድ ትንሽ ተራራ፣ በየዕለቱ

እንደሚታወቀው በአገራችን የሳይንስ ትምህርት ውስጥ «መስክ» የሚባለው ነገር ሩቅ ነው። አውቶቡስ ይከራያል፣ አበል ይጸድቃል፣ ስንቅ ይያዛል፤ ከዚያም ተማሪዎች ወደ አዋሽ ፓርክ ወይም ወደ ባሌ ተራሮች ሄደው፣ ሁለት ሌሊት አድረውና ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሳሉ። ሪፖርት ይጻፋል፣ ነጥብ ይሰጣል፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስም ተፈጥሮ ተመልሳ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ትኖራለች። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ለሌላ ዓይነት መስክ ነው። ይህ መስክ አውቶቡስ አይፈልግም፤ ቅርብ ነው፤ ትንሽም ነው። የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በየዕለቱ መሄድ።

እኛ ስንል በአንድ የሳይንስ ፋኩልቲ የምናስተምር አራት ሰዎች ነን፤ ሁለታችን ሥነ ሕይወት፣ አንዱ ፊዚክስ፣ አንዷ ደግሞ ሥነ ምድር። በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአራታችን አንዱ የደም ስኳሩ ከፍ በማለቱ ሐኪሙ በየቀኑ እንዲራመድ አዘዘው። ብቻውን መሄድ ስለሰለቸው ሦስታችንን አስከተለን። ስለዚህ የተፈጥሮ ፍቅር ወይም የምርምር ጉጉት ከቤታችን አስወጣን ብንል ውሸት ይሆናል። ያስወጣን የሐኪም ማዘዣ ነው።

ተራራችን እንጦጦ ነው። አንባቢ «እንጦጦ ትንሽ ተራራ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ግድም የሚደርስ ተራራ በሌላ አገር ቢሆን ትልቅ ይባል ነበር። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ራሷ በከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ከአራት ኪሎ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው የሚጨምረው ከሰባት መቶ እስከ ስምንት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከሚዘልቀው ከራስ ደጀን ጎን ሲታይ ደግሞ እንጦጦ የጓሮ ጉብታ ይመስላል። እኛም ቢሆን በየቀኑ ጫፉ ላይ አንደርስም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከስድስት ኪሎ በታክሲ እስከ ሽሮ ሜዳ እንሄዳለን። ከዚያ በእግር ሽቅብ እንወጣና ከአንድ ያረጀ ጥድ ሥር ስንደርስ እንመለሳለን። እሑድ ብቻ እስከ ማርያም ቤተ ክርስቲያን እንዘልቃለን። ጥዱ መደበኛ መመለሻችን የሆነው በምርጫ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የስኳር ሕመምተኛው ጓደኛችን ትንፋሽ አጥሮት የተቀመጠው እዚያ ስለነበረ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ከእግራችን በቀር ያስተዋልነው ነገር አልነበረም። ዓይናችንን የከፈተችው አንዲት ቅጠል ተሸካሚ እናት ናት። አንድ ማለዳ ከሥነ ሕይወት መምህራኑ አንዱ ከኮሶ ዛፍ ሥር ቆሞ ስለ አበባው ሲያብራራ፣ ሴትዮዋ ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ያዳምጡ ነበር። ንግግሩ ሲያበቃ፣ «ልጄ፣ ይሄኮ ወንዴው ነው። ለመድኃኒት የሚለቀመው ሴቴው ነው፤ ያ ወዲያ ቀላ ብሎ የሚታየው» አሉት። ልክ ነበሩ። ኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባው በተለያየ ዛፍ ላይ የሚያብብ ተክል ነው። ለትላትል ማስወገጃነት አባቶቻችን ሲጠጡት የኖሩትም የሴቴው አበባ ነው። መምህሩ ይህን በመጽሐፍ አንብቦት ያውቃል፤ ለፈተናም አውጥቶት ያውቃል። ነገር ግን ከዛፉ ፊት ቆሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ አያውቅም ነበር።

ኀፍረቱ በዚህ አላበቃም። በዚያው ሳምንት ያንን መመለሻችን የሆነውን ጥድ ቀና ብለን አየነው። በአጠገቡ ያለው ጥድ ሰማያዊ ዱቄት የተነሰነሰባቸው በሚመስሉ ትንንሽ ፍሬዎች ተሞልቷል፤ የእኛው ግን አንድም የለውም። ለወራት «እርጅና ነው» ስንል ነበር። የሐበሻ ጥድም እንደ ኮሶው በአብዛኛው ወንዴና ሴቴው የተለያየ ዛፍ መሆኑን፣ የእኛው ጥድ ደግሞ ወንዴ መሆኑን ያረጋገጥነው ቅርንጫፉን ስንነካው ቢጫ የአበባ ዱቄት እጃችን ላይ ሲረግፍ ነው። ልብ በሉ፤ ከመካከላችን ያለው ባለሙያ ስለ ጂምኖስፐርም ለብዙ ዓመታት አስተምሯል። በሰሌዳ ላይ የሚሥለው ግን ከውጭ አገር መጽሐፍ የተገለበጠውን የአውሮፓ ጥድ ነበር፤ ያ ዛፍ ወንዴና ሴቴ ኮኖቹን በአንድ ግንድ ላይ የሚሸከም ሌላ ወገን ነው። ስንት ተማሪ ከእኛ ተምሮ ሲያበቃ በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር የቆመውን ጥድ በዚያ ሥዕል ዓይን እያየ ሄዶ ይሆን?

እዚህ ላይ ክርክራችን ይጀምራል። ያንን ጥድ አንድ ቀን ያየ ሰው የሚያየው አንድ ዛፍ ነው። መቶ ቀን ያየው ሰው ግን ለውጡን ያያል፤ ሳይንስ ደግሞ ከለውጥ ጋር ካልሆነ መጠየቅ አይችልም። የዓመት የመስክ ጉዞ የማይሰጠውም ይህንኑ ነው። ተማሪው ባሌ ሄዶ ቀይ ቀበሮ ቢያይ ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል፤ ይህን አንንቅም። ነገር ግን ያየው ነገር ትናንት እንዴት እንደነበረ፣ ነገም ምን እንደሚሆን አያውቅምና ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለው ብቻ ይሆናል። «ለምን ዛሬ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከመመላለስ ነው።

የፊዚክስ መምህሩን ገጠመኝ እንንገራችሁ። ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ እንደሚያውቀው ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ። ጓደኛችን ይህንን ለማሳየት ብሎ ቴርሞሜትር ይዞ መምጣት ጀመረ። በክረምት ልኬቱ እንደ መጽሐፉ ሆነለት። ኅዳር ሲገባ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ጥርት ባለ ማለዳ ሽሮ ሜዳ ላይ የለካው ከጥዳችን ሥር ከለካው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆነ። ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብሎ ሌላ ገዛ፤ ያም ያንኑ ነገረው። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ደመና በሌለበት ሌሊት ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች፤ ከእርሷ ጋር የተነካካው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ቁልቁል ይፈስሳል፣ ከዝቅተኛውም ስፍራ ይጠራቀማል። ስለዚህ ለጥቂት ሰዓታት ታችኛው ቀዝቃዛ፣ ላይኛው ሞቃት ይሆናል። ይህ የሙቀት መገለባበጥ በዓይንም ይታያል። ከተራራው ወገብ ቁልቁል ለሚመለከት ሰው የከተማዋ የማድ ቤትና የመኪና ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት በቤቶቹ ላይ እንደ ተነጠፈ ጋቢ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፀሐይ ምድሩን እስክታሞቀው ድረስም አይነሣም። የአየር ብክለት ማለዳ ላይ ለምን እንደሚብስ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ሥዕል እኛ አናውቅም። ተማሪዎቻችን አሁን ይህን ርዕስ የሚማሩት እዚያው ቆመው ነው። በዚህ አጋጣሚ አንዲት ተማሪ፣ «መጽሐፉ ተሳስቷል ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። መጽሐፉ አልተሳሳተም፤ አማካይ ነው የነገራት። አማካይና የዛሬው ማለዳ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን መረዳት ግን የሳይንስ ትምህርት ግማሹ ነው ብንል አላጋነንንም።

ስለ ጤና ብዙ አንልም፤ ሐኪሞች ይሉታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ የሰውነት እንቅስቃሴ ይመክራል፤ እኛ በአራት ቀን እንሞላዋለን። ይልቅ ከትንፋሽ ጋር የተያያዘ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። ሽቅብ ስንወጣ ተማሪዎች «ኦክስጅኑ አለቀ» ይላሉ። ኦክስጅን ከአየሩ ውስጥ ያለው ድርሻ በእንጦጦም ሆነ በምጽዋ ያው ወደ 21 በመቶ ነው። የቀነሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በ3,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ወደ ሰባ በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው የኦክስጅን መጠን ያንሳል። ሯጮቻችን ማለዳ ማለዳ በአጠገባችን ሽው እያሉ የሚያልፉት ይህንኑ ፈልገው ነው። ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው የሕዝባችን ሰውነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ቢል የተመሩ ተመራማሪዎች በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ነዋሪዎችን መርምረው፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በቆላ ካሉ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አገኙ። የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል፣ የቲቤቶች ደግሞ የኦክስጅን ሙሌታቸው ዝቅ ይላል፤ የሰሜኖቹ ከሁለቱም የተለዩ ሆኑ። በኋላ በባሌ ከፍታዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን በዚያ ባሉ ነዋሪዎች ዘንድ ሄሞግሎቢን ከፍ ብሎ አግኝቷል። በአንድ አገር ውስጥ ሁለት መልስ! ለወደፊት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ከዚህ የበለጠ የሚጣራ የቤት ሥራ ከየት ይመጣል?

አሁን ወደ ባሕር ዛፉ እንምጣ፤ በዚህ ጉዳይ ከመካከላችን ስምምነት ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብናልና። የእንጦጦ ደን ስንል በአብዛኛው የምንለው ባሕር ዛፍን ነው። ዐፄ ምኒልክ ባሕር ዛፍን ከማስመጣታቸው በፊት የተራራው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አልቆ ነበር። በእንጨት እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መጀመር መድረሱም በታሪክ የታወቀ ነው። ከተማዋን በቦታዋ ያቆያት በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ግድም ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። ዛሬ ግን «ውኃ ይመጥጣል፣ ሌላ አያበቅልም፣ ይነቀል» የሚለው ድምፅ በርትቷል። ከአራታችን ሁለቱ ይህንኑ ይሉ ነበር።

በየዕለቱ መመላለሱ ሐሳባቸውን አስለወጣቸው፤ ወይም ቢያንስ አለዘበው። ባሕር ዛፍ በእርግጥ አስገራሚ ፍጡር ነው። ልጅ ሳለ ቅጠሉ ክብ፣ ነጭ አመድ የተቀባ የሚመስልና ከግንዱ ጋር ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተጣበቀ ነው፤ ሲያድግ ደግሞ እንደ ማጭድ ረዝሞ ቁልቁል ይንጠለጠላል። አዲስ ተማሪ ሁለቱን የተለያዩ ዝርያዎች አድርጎ ይመዘግባቸዋል፤ እኛም ሆነ ብለን ዝም እንለዋለን፣ ራሱ እስኪደርስበት። ሲቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ከሥሩ ያለው መሬት ግን በብዙ ቦታ ራቁቱን ነው። የዚህ ምክንያቱ ዛፉ ብቻ አይደለም። የወደቀው ቅጠል ለእንጀራ ምጣድ ማገዶ ተጠርጎ ስለሚወሰድ አፈሩ ልብስ አጥቶ የሐምሌ ዝናብ ይወርድበታል። ቅጠሉ ባልተጠረገበትና ከብት ባልገባበት ገደላ ገደል ግን ሌላ ነገር አየን፤ በባሕር ዛፉ ጥላ ሥር የጥድ፣ የወይራና የአምጃ ችግኞች ቀስ ብለው እየወጡ ነበር። በመናገሻ ሱባ ደን የተደረጉ ጥናቶችም በተተከሉ የውጭ አገር ዛፎች ጥላ ሥር አገር በቀል ዛፎች መልሰው እንደሚበቅሉ አሳይተዋል። ፍሬውን የሚያመጡት ወፎች ናቸው፤ ወፍ ደግሞ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ይፈልጋል።

በእኛ እምነት እንግዲህ ባሕር ዛፉን በአንድ ጊዜ መንቀል ስሕተት ነው። ገደሉ ራቁቱን ሲቀር አፈሩ ችግኙን አይጠብቅም፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ከተማይቱ ወንዞች ይወርዳል። ችግኝ ያለበት ቦታ ተለይቶ፣ ዛፉ በጥቂት በጥቂቱ እየተነሣ ለጥዱ ብርሃን ቢከፈትለት ይሻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙትና ከ700 ሄክታር በላይ በሚሸፍነው የጉለሌ ዕፅዋት ማእከል አገር በቀል ዕፅዋትን መልሶ ማልማት ሥራ መሆኑ የሚያስመሰግን ነው። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ሲከፈት ደግሞ ብዙ የከተማ ሰው ተራራውን ለመጀመሪያ ጊዜ በእግሩ ረግጦታል። ይህን ሁሉ እንደግፋለን። አንድ ሥጋት ግን አለን፤ ተራራ ሲዋብ የእግር መንገዱ የመዝናኛ ብቻ እንዳይሆን። ያቺ ስለ ኮሶ ያስተማሩን እናት በዚያው መንገድ ይመላለሱ የነበሩት ከ30 ኪሎ በላይ የሚመዝን ቅጠል ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው። እኛ ለስኳር ሕመም የምንወጣውን ዳገት እርሳቸው ለልጆቻቸው እራት ይወርዱት ነበር። ተራራውን ከእኛ ይልቅ የሚያውቁት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ስለ ደኑ በሚደረግ ማንኛውም ውሳኔ ሌላ መተዳደሪያ ሳይዘጋጅላቸው መንገዱ ቢዘጋባቸው፣ ወይም ዕውቀታቸው ሳይጠየቅ ቢቀር፣ እኛ ዝም ማለት የለብንም። ሴትዮዋን ካየናቸው ቆይቷል፤ ስማቸውን አለመጠየቃችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል።

የሥነ ምድር ባልደረባችን «የእኔን ተራራ በዛፍ ሸፈናችሁት» ብላ ስለተቆጣች አንድ አንቀጽ ለእርሷ እንተው። የምንረግጠው ድንጋይ ከ20 ሚሊዮን ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው። ሸንተረሩ ደግሞ የውኃ ክፋይ ነው። በደቡብ በኩል የወረደው ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳያይ በአፋር ምድር፣ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። በሰሜን በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን በሙገር ወደ ዓባይ ገብቶ ሜዲትራኒያን ድረስ መንገድ አለው። እሑድ ጫፉ ላይ ስንደርስ ባልደረባችን አንድ እግሯን ወዲህ፣ አንድ እግሯን ወዲያ አድርጋ መቆም ትወዳለች። የተረፈ ውኃዋንም ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ታፈስሳለች፤ ለፍትሐዊነት ነው ትላለች።

«ጊዜ የለንም» የሚል ተማሪ እንዳለ እናውቃለን። «ጅብ አለ፣ ሌባ አለ» የሚልም አለ፤ ይህኛው ቀልድ አይደለም። በተለይ ሴት ተማሪዎች ብቻቸውን ጨለማ ለጨለማ እንዲሄዱ ማንም ሊመክራቸው አይገባም፤ እኛም አራት ሆነን፣ ነጋ ሲል ነው ዳገቱን የምንጀምረው። «እንጦጦ የለንም» ለሚሉ ደግሞ መልሱ ቀላል ነው። የሐዋሳ ተማሪ ታቦር አለው፤ የደሴ ተማሪ ጦሳ፤ የባሕር ዳር ቤዛዊት፤ የሐረር ሐኪም። ኮረብታ በሌለበት የደብሩ ጥድና ወይራ አለ። የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም፤ የትምህርት ክፍሎች ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቋሚ ቦታ ይስጡት፣ ለአንድ ዓመትም እዚያው ይመላለስ፣ ያየውንም ከነቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። ነጥብ አይሰጠው። ነጥብ ከተሰጠው በመጨረሻው ሳምንት ቁጭ ብሎ የዓመቱን ሁሉ ፈጥሮ ይጽፈዋል፤ እኛም ተማሪ ሳለን እንዲሁ አድርገናል።

የእኛ ደብተር አራተኛው ላይ ደርሷል። ከመጀመሪያው ደብተር ግማሹ ዋጋ የለውም፤ «ደስ የሚል ማለዳ» የሚል ብቻ ተጽፎበታል። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን የኮሶው አበባ መቼ እንደቀላ፣ አደይ አበባው ከዕንቁጣጣሽ ስንት ቀን ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንደፈነዳ፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው ትልቁ ቁራ የት እንደጎጆ ሠራ ይገኝበታል። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው መስመር የአንዲት ችግኝ ልኬት ነው። ከመመለሻችን ጥድ ቁልቁል ሃያ እርምጃ ላይ፣ በሁለት ባሕር ዛፎች መካከል የበቀለች ጥድ ናት፤ ስናገኛት ከጉልበት በታች ነበረች፣ አሁን ትከሻችን ላይ ደርሳለች። ወንዴ ትሁን ሴቴ ገና አልታወቀም።